በጋ የጻፈው ታሪክ፣ ክረምት የሠራው ቤት

ስለ ጎጃም ደጋ በጽሑፍ ያለን ታሪክ አብዛኛው የበጋ ታሪክ ነው። የኢየሱሳውያኑ ሚሲዮናዊ ጴድሮ ፓኤዝ ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ያየው እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1618 ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው የደረሰው በኖቬምበር 1770፣ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ መሻገሪያ ከሰጠ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ካርታ ያነሣው መንገዱ በሚደርቅባቸው ወራት ነው። የነገሥታቱ ጦርም ከዚህ አይለይም። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ የት እንደ ከረመ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነግረንና ዝናቡ ሲያልፍ ወደ ዘመቻው ይመለሳል፤ በእነዚያ ሦስትና አራት ወራት አገሬው ምን ሲሠራና ምን ሲበላ እንደ ነበር የጻፈ ማግኘት ጭንቅ ነው። የአገው ወገን የሆነው የአዊ ሕዝብ በአደባባይ የሚታወቅበት ትልቁ በዓል እንኳ የበጋ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ዘማቾች እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ሜዳው ደርቆ ፈረስ የሚጋለብበት ጊዜ ላይ ይውላል። ካሜራውም እንግዳውም ያኔ ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለቀረው የዓመቱ ክፍል ነው። ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጥሊሊ፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከግሽ ዓባይም ከዘንገና ሐይቅም ሩቅ አይደለችም፤ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ደጋዎች አንዱ ላይ ተቀምጣለች። በእንጅባራ አካባቢ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ይህ የአዲስ አበባን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ዝናቡ ግንቦት ላይ ጀምሮ አንዳንዴ ጥቅምትን ይነካል። እንዲህ ባለ አገር የሰው ቤት፣ ጓዳው፣ ዕቃውና ጌጡ የተቀረጹት ለክረምት ነው ብዬ አምናለሁ። በጋው የሚያመርተውንና የሚያደርቀውን ሁሉ ክረምቱ ይጠብቀዋል፤ ቤቱ ታስቦ የተሠራ መሆን አለመሆኑ የሚታየውም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ የአዊን ቤት ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከሰልፉና ከገበያው ይልቅ ዝናብ ሲዘጋበት ቤተሰቡ ወደ ተሰበሰበበት ምድጃ ዞር ማለት አለበት። መክረም ታሪክ የሌለው ጊዜ አለመሆኑን ለማየት ጎንደርን ማሰብ ይበቃል። ከፋሲለደስ በፊት የነበሩት ነገሥታት በጣና ዙሪያ እየዞሩ ይከርሙ ነበር፤ በ1630ዎቹ ፋሲለደስ የተከለው ከተማ የዚያ ልማድ ልጅ ነው። ለቤተ መንግሥት የሆነው ለገበሬ ቤት የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ብሩስ በጋ ይምጣ እንጂ ዓይኑ ስለታም ነበርና ክረምቱን በምልክቱ አይቶታል። የአገው ሰዎች ልብሳቸው ቆዳ እንደ ሆነ፣ ቆዳውን የሚያለፉበት የራሳቸው ዘዴ እንዳላቸውና ይህንን የሚለብሱት ብርዱ በሚጠናበት በዝናቡ ወራት እንደ ሆነ ጽፏል፤ ዝናቡም በዚያ አገር ረጅምና ኃይለኛ መሆኑን አክሏል። ቆዳ ማልፋት ቀላል ሥራ አይደለም። ፀጉሩን ማንሣት፣ ሥጋውን መፋቅ፣ መቀባት፣ በእጅና በእግር ማሸት ይጠይቃል። ለዝናብ የሚለበሰው ቆዳ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ለፍቶ ማለቅ ስላለበት፣ ብሩስ ያየው ልብስ ከወራት በፊት የተጀመረ የቤት ሥራ ፍጻሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆዳው ለበርኖስና ለጋቢ ቦታውን ለቋል። እረኛው ደግሞ ከሣር የተጎነጎነውን ገሳ ከራሱ እስከ ወገቡ ደፍቶ ከብት ሲጠብቅ ኖሯል። ገሳ የሣሩን ጫፍ ወደ ታች እየደራረቡ ይሠራሉ፤ ውኃው ከላይኛው ደርብ ወደ ታችኛው እየተንሸራተተ መሬት ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የሣር ክዳን ቤትም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ገሳ የለበሰ እረኛ ተንቀሳቃሽ ጎጆ ማለት ነው።

የቤቱ ነገር ከዚህ ይጀምራል። ክዳኑ በወፍራሙ ተደራርቦ፣ ጣሪያው ቁልቁል ተገትሮ ይሠራል፤ የጣሪያው ዘንባላነት ባነሰ ቁጥር ውኃው ሣሩ ላይ ቆሞ ያበሰብሰዋል። ከውጭ ዝናብ ሲወርድበት ከውስጥ ጭስ ይወጣበታል። የምድጃው ጭስ ሣሩን እያደረቀ፣ ነፍሳትን እያባረረ፣ ከጉልቻው በላይ ቆጡ ላይ የተቀመጠውን የዘር እህልም ከነቀዝ እየጠበቀ ይወጣል። እሳት ለብዙ ጊዜ ያልነደደበት ጎጆ ክዳኑ ቶሎ እንደሚበሰብስ አገሬው ያውቃል። እንዲህ ሲታይ ምግብ ማብሰልና ቤት መጠገን ሁለት ሥራዎች አልነበሩም፤ ለሽሮው የነደደው እንጨት ጣሪያውንም ያድሳል። ግድግዳው ከእንጨት ወይም ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ይቆማል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ወፍራሙ ምርጊት ይመረጋል፤ እርሱ ደርቆ ስንጥቁ ሲወጣ ሁለተኛው ይደፍነዋል፤ በመጨረሻ የተነፋ አፈር፣ አመድና እበት የተዋሐደበት ቀጭን ቅብ በመዳፍ ይለቀለቃል። መዳፉ በግማሽ ክብ እየሄደ የሚተወው ሞገድ መሰል መስመር ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የሠራችው ሴት እጅ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቀኝ ይሁን ግራ ከግድግዳው ይነበባል።

ቀርከሃው ይህን አገር ከሌላው ደጋ የሚለየው አንዱ ነገር ነው። የአዊ ደጋ ቀርከሃ ቡቃያውን የሚያወጣው በክረምት ሲሆን በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ለሥራ የሚደርሰው ግን ዓመታት ቆይቶ ሲጠነክር ነው። በክረምት ጫካው ውስጥ ገብቶ የሚቆርጥ ሰው ለጋውን ቡቃያ ይረግጠዋል፤ ስለዚህ መቁረጡ የበጋ ነው። ተሰንጥቆ የተቀመጠው ግን በማንኛውም ጊዜ ይጎነጎናል። ቅርጫቱ፣ የእህል ጎተራው፣ የአጥሩ ንጣፍ፣ አልጋው፣ የበሩ መዝጊያ ከዚሁ ይወጣሉ። ዛሬ እንጅባራ ላይ በመንገዱ ዳር የሚሸጠው የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ የዚህ ሥራ ዘመዱ ነው፤ ልዩነቱ ገዢው የማያውቀው መንገደኛ መሆኑ ብቻ ነው። ወንዱ ከቀርከሃ የሠራው ጎተራ ያለ ሴቲቱ እጅ አያገለግልም፤ ከውስጥና ከውጭ በእበትና በጭቃ ካልተመረገ እርጥበት ይገባዋል። የክረምት ቤት የሁለቱንም እጅ በአንድ ዕቃ ላይ ያገናኛል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራን የወንድና የሴት ብለው በሁለት ዓምድ ሲጽፉ የሚያመልጣቸው ይህ ነው።

ወደ ጓዳው ስንገባ ግን ብሩስ የተወልን ማስረጃ ይበልጥ ይበለጽጋል። አገዎች ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ በየተራ ወደ ጎንደር እንደሚወጡ፣ ማር፣ ቅቤ፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ስንዴና ከብት ተሸክመውና ነድተው ዋና ከተማዋን እንደሚመግቡ ጽፏል። ከዚያም አንድ ነገር ጠይቋል፦ ቅቤ ያን ያህል መንገድ በሙቀት ሲጓዝ እንዴት ሳይበላሽ ይደርሳል? መልሱን አግኝቶታል። አገዎቹ ቀለሙ ቢጫ፣ መልኩ ካሮት የሚመስል የአንድ ተክል ሥር ቀጥቅጠው ከቅቤው ጋር ይደባልቃሉ፤ ጥቂቷ ብዙውን ቅቤ ለረጅም ጊዜ ታቆየዋለች። የተክሉን ስም በራሱ ፊደል ሲጽፍ ያስቀመጠው መቅመቆ ብሎ ነው። መቅመቆ ዛሬም በገበያ የሚሸጥ፣ ቅቤ ሲነጠር ቀለም እንዲሰጥና እንዲያቆይ የሚጨመር ሥር ነው። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ የጓዳ ዕውቀት በጽሑፍ ተመዝግቦ፣ ስሙም ሥራውም ሳይለወጥ እስከ ዛሬ መድረሱ ብርቅ ነው። ስንት የቤተ መንግሥት ሥርዓት በዚያ ዘመን ተጽፎ ዛሬ የሚያውቀው ጠፍቷል!

ቅቤው መቼ እንደሚጠራቀም ስናስብ ክረምቱ ተመልሶ ይመጣል። ሣር የሚበቅለው በዝናብ ነው፤ ላሟ በብዛት የምትታለበው ሣሩ ሲለመልም ነው። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ከዚያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ወተቱ ይጠጣል፣ እርጎው ይበላል። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ሲገባ ግን ላሟ አትጾምም። ለሁለት ሳምንት የሚታለበው ወተት ከሕፃናትና ከሕሙማን የሚተርፈው ሁሉ ወደ መናጫው ይሄዳል። በወይራ ጭስ የታጠነው ቅል ይሞላል፤ ወተቱ ይረጋል፤ በብርዱ ወራት ቅቤው ቶሎ አይወጣምና ቅሉ ወደ ምድጃው ጠጋ ብሎ ይሞቃል። ከዚያ በጭን ላይ ወይም ተንጠልጥሎ ይናጣል፤ ድምፁ ሲለወጥ ቅቤው መሰብሰቡ ይታወቃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። በዝግታ እሳት ላይ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ እርድ ወይም መቅመቆ እየገባበት፣ አረፋው እየተገፈፈ ይነጠራል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያወጣው ጾም በጓዳ በኩል ሲታይ የክረምቱን ወተት ወደ እንቁጣጣሽና መስቀል ቅቤ የሚያሸጋግር ድልድይ ሆኖ አገልግሏል። ጾሙ የታዘዘው ለዚህ ነው ማለቴ አይደለም። ቤቱ ግን ራሱን ከጾሙ ጋር ያስማማው በዚህ መንገድ ነው፤ ጎንደርን ያጠገበው የአገው ቅቤም ያለ እንዲህ ያለ የማጠራቀም ልማድ አይታሰብም።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል። ክረምት በጎጃም የጥጋብ ሳይሆን የችግር ወቅት ነው፤ ጎተራው የሚራቆተው፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ስለ ክረምት ጓዳ በጎ ማውራት ረኃብን ማስዋብ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱም ከታሪኩ ውስጥ ነው ያለው። ረኃቡ የጓዳውን ብልኃት የወለደ ነገር ነው። ግብጦን እንውሰድ። በአዊና በምዕራብ ጎጃም የሚበቅለው ይህ ጥራጥሬ መራራ ነው፤ እንዲሁ ቢበላ ይጎዳል። ተቆልቶ በጆንያ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ የሚፈስሰው ውኃ ምሬቱን እየነጠቀ ይወስደዋል፤ ከዚያ ለቁርስ፣ ለሽሮ፣ ለአረቄም ይሆናል። ደካማ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ነቀዝ የማይደፍረው፣ ከብት የማይነካው እህል ለሰው የሚበቃው በወንዝና በትዕግሥት ብቻ ነው። ወንዙ የሚሞላው ደግሞ በክረምት ነው። ገብሱም እንዲሁ፦ በሶ ሆኖ ከተቀመጠ እሳት ሳይነድ፣ እንጨቱ ረጥቦ እምቢ ባለ ቀን፣ በውኃ ተበጥብጦ ቤተሰቡን ያሳድራል።

ድንች ደግሞ የዚህን ወቅት ታሪክ የለወጠ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 አካባቢ እንደ ሆነ ይታወቃል። ለብዙ ጊዜ የሚያቀርበው አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን፣ የከብት እልቂቱ በሬውንም ላሟንም ሲጨርስ፣ ለደገኛው ድንችን አስተማረ። የቅቤ አገር ለነበረ ደጋ ያ እልቂት ሁለት ጊዜ ሞት ነው፤ ማሳው ያለ በሬ ጓዳው ያለ ቅቤ ቀረ። ድንች ግን በዶማ ይተከላል፣ በሬ አይፈልግም፤ እህሉ ገና በአበባ ላይ ሳለ ከመሬት ወጥቶ ይበላል። ዛሬ የአዊ ደጋ ድንቹን ለሌላ አገር የሚተርፍ እስኪያመርት ደርሷል፤ የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ከለቀቃቸው ዝርያዎች አንዱም ዘንገና ተብሎ በሐይቁ ስም ተጠርቷል። በጓዳው ውስጥ ድንች ያመጣው ለውጥ ከማሳው አያንስም። ቅቅሉ ከነልጣጩ ከድስት ወደ ሰፌድ ይገለበጣል፤ ከአዋዜ ወይም ከሚጥሚጣ ጋር ይቀርባል፤ በፍልሰታ ከጎመንና ከሽሮ ጎን ወጥ ሆኖ ይሠራል። እንጀራ መጋገር ዱቄት፣ እርሾና ደረቅ እንጨት ይጠይቃል፤ ድንች ለመቀቀል ሕፃን ይበቃል። ልጆች የመጀመሪያ የማብሰል ትምህርታቸውን በክረምት ከምድጃው ዳር በድንች የተማሩበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ የክረምት ጓዳ ታሪክ ረኃብን ማስዋብ ሳይሆን ሰው ረኃብን እንዴት እንዳሸነፈውና መቼ እንደ ተሸነፈለት መቁጠር ነው።

ጌጡ ከሆድ በኋላ የመጣ ትርፍ ነገር ነው የሚለው ሌላው ችላ የሚያሰኝ አስተያየት ነው። የስፌቱን ሥራ ብናይ ግን ጌጥና ጥቅም አይለያዩም። ስንደዶው የሚለቀመው መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም ነው፤ ኮረዶች በቡድን ወጥተው ይነቅሉታል፣ ያደርቁታል፣ ከፊሉን በቀለም ነክረው አለላ ያደርጉታል። በአክርማው ላይ በወስፌ እየተጠቀለለ የሚሰፋው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ደረቅ ስንደዶ ይሰበራልና በውኃ እየራሰ፣ ዝናብ ከቤት ባስቀመጠበት ሰዓት እጅ ሥራ ሳይፈታ ይሄዳል። ስፌት ከመካከሉ ተጀምሮ ወደ ዳር ይሰፋል። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የስፌቱ ብዛት ስለሚጨምር ቀለም የምታስገባ ሴት ቁጥሩን ቀድማ ካልያዘች መስቀሉ ወይም ኮከቡ ሲገጥም ይጣመማል። ያለ ወረቀትና ያለ መስመሪያ የሚሠራ ስሌት ነው። እናት ለልጇ የምታስተምረው በቃል አይደለም፤ የተሳሳተውን ዙር ፈትታ እንድትሰፋው ትመልስላታለች። ሞሰቡ፣ ሰፌዱ፣ አገልግሉና ሙዳዩ ሲያልቁ ግድግዳው ላይ ይሰቀላሉ፤ እዚያም የጭሱ ደረቅነት ከሻጋታ ይጠብቃቸዋል፣ ቤቱንም ያስጌጡታል። ለሙሽራ የሚሰጠው ስፌት ከብዙ ክረምት የተጠራቀመ ነው፤ ሙያዋንም ያስመሰክራል።

ነሐሴ ሲጋመስ ሥራው ይፈጥናል። ለቡሄ ሙልሙሉ ይጋገራል፤ ወንዶቹ ልጆች በየደጁ እየዘመሩ ይቀበላሉ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ሲፈታና ጳጉሜን ሲቃረብ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ ይታደሳል። በክረምቱ የፈረሰው ምርጊት ይጠገናል፣ ወለሉ ይለቀለቃል፣ መደቡ ይስተካከላል፤ ነጭና ቀይ አፈር ያገኘ ግድግዳውን ወገብ ለወገብ ይለየዋል። ለጠላው ጌሾ ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፤ በበዓሉ ዕለት ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ልጆች አበባና ወፍ በወረቀት ላይ ሥለው ለዘመድ ያደርሳሉ። ይህ ሁሉ ሲታይ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ የአዲሱ ዓመት ጌጥ ክረምት ያፈረሰውን መጠገኛ ነው። ዝናቡ በጠነከረበት አገር ጥገናውም ጌጡም ይበዛል። ጥገናውን ከጌጡ ለይቶ አንዱን ግንባታ ሌላውን ሥነ ጥበብ ማለት ለሙዚየም መደርደሪያ ይመች እንደ ሆነ እንጂ ሥራውን ለሠሩት ሰዎች ትርጉም የለውም።

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ግን እንዲህ ሊል ይችላል፦ ክረምት የእርሻ ወቅት ነው፤ ሴቲቱ ለአረም ጎንበስ ብላ ስትውል ስፌትና ልቅለቃ መቼ ትሠራለች? ልክ ነው፤ በጤፍ አረም የሚያልፍ ነሐሴ ዕረፍት የለውም። ሆኖም ዝናብ ሲጥል ማሳ አይገባም፤ በበዓላቱ ቀንም አይታረስም፣ አይታረምም። የክረምት የቤት ሥራ የተሠራው በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ፣ በሰዓትና በግማሽ ቀን ነው። በቁርጥራጭ ሰዓት ሊሠራ የሚችል ሥራ መሆኑም በራሱ ማስረጃ ነው። ስፌት፣ ፈትል፣ ቅቤ ማጠራቀም፣ ቅርጫት መጎንጎን፣ ሁሉም በየትኛውም ቅጽበት የሚቋረጡና በሌላ ቀን ከቆሙበት የሚቀጥሉ ናቸው። ከጭቃው በቀር፤ ምርጊት ፀሐይ ይፈልጋል፣ ለዚህም ወደ ዝናቡ ማብቂያ ይገፋል።

ከዚህ ጋር የሚነሣው ጥያቄ የበለጠ ያሳስበኛል። ከዚህ ሁሉ አብዛኛውን የሠራችው ሴት ናት፤ ቀን አረም፣ ማታ ፈትል፣ ጎሕ ሲቀድ ወፍጮ። ሥራዋን ማወደስ ድካሟን መሸፈን አይሆንም ወይ? የሚሸፍነው ሥራውን አለመጻፍ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ብሩስ የመቅመቆውን ዘዴ ሲጽፍ አገዎች እንዲህ ያደርጋሉ አለ፤ ቅቤውን የናጠችውና ሥሩን የቀጠቀጠችው ግን ማን እንደ ሆነች አልጻፈም። ግብሩ ሲቆጠር የማርና የቅቤው ልክ ይቆጠራል፣ ቅቤው የተናጠባቸው ሌሊቶች አይቆጠሩም። ጭሱ ዓይኗን ያበላሸባት፣ እንስራው ጀርባዋን ያጎበጠባት እርሷ ናት። የጎንደርን ገበታ በቅቤ ያቆመው ጉልበት የማን እንደ ሆነ በግልጽ ሲነገር ድካሙም ዋጋውም አብሮ ይታያል። ሸክሙ ዛሬ በከፊል መቅለሉም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የሞተር ወፍጮ ከገባ ወዲህ በእጅ መፍጨት እንዳይመለስ የማይመኝ የለም።

እንግዲህ ይህ የአዊ ብቻ ነው ወይ ለሚለው፣ አይደለም ነው መልሱ። ስፌት ሐረር አለ፣ ምርጊት ወሎ አለ፣ ቡሄ በመላው ደጋ አለ። ለጥሊሊና ለአካባቢዋ የሚለየው ዝናቡ ረጅም በመሆኑ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ መጠናከራቸው፣ ቀርከሃው ደጃፍ ላይ መገኘቱና ቅቤው ከራስ ፍጆታ አልፎ የመንግሥት ከተማን መቀለቡ ነው። ያው ልማድ በደረቅ አገር በቀላሉ የሚታለፍ ነው፤ እዚህ ካልተሠራ ቤቱ ይፈርሳል።

ትምህርት ቤት ሲመጣ የክረምት ቤት አዲስ ሰው አገኘ። የትምህርቱ ዓመት ከመስከረም እስከ ሰኔ ሲሆን ከተማ ሲማሩ የነበሩ ልጆች ሐምሌና ነሐሴን ወላጆቻቸው ዘንድ መክረም ጀመሩ። በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች ትምህርትን ከእጅ ሥራ ጋር ያስተማረ ነበር። በኋላም ባልትናና የእጅ ሥራ በየትምህርት ቤቱ ሲሰጡ ጥልፍና ዳንቴል ወደ አውራጃ ከተሞች ወረዱ። ልጅቱ ኪሮሽና የክር ኳስ ይዛ መጣች፤ እናት በወስፌ አያት በእንዝርት፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ሦስት ዘመን ተቀመጠ። ዳንቴሉ መጀመሪያ የጠረጴዛ፣ ከዚያ የሬዲዮ፣ በኋላም የቴሌቪዥን ልብስ ሆነ። የተለቀለቀው ግድግዳም ጋዜጣና የመጽሔት ገጽ ተለጠፈበት፤ ለሙቀትም ለጌጥም ያገለግል ነበር፤ ፊደል የቆጠረ ልጅም ተጋድሞ ያነበው ነበር።

ቆርቆሮ ሲመጣ ደግሞ ሥርዓቱ ከመሠረቱ ተናጋ። ቆርቆሮ ጭስ አይፈልግም፤ እንዲያውም ጭሱ የሚወጣበት አጥቶ ቤቱን ያጨልማል። ስለዚህ ምድጃው ከዋናው ቤት ወጥቶ ማድ ቤት ተሠራለት፤ ሰው ከብቱን ከቤቱ አስወጣ፤ ስፌቱ ጭስ የማያገኝ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሻገተ፣ ቦታውንም ለፕላስቲክ ሰሐን ለቀቀ። በሣር ክዳን ሥር የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ በቆርቆሮ ሥር ነሐሴ ላይ መነጋገር ያስቸግራል፤ ተረትና እንቆቅልሹ ከዚህ የተነሣ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ማሰብ ይቻላል። ይህን ሁሉ ጥፋት ብሎ ማልቀስ ግን ትክክል አይመስለኝም። ሣር እየጠፋ፣ በየጥቂት ዓመቱ ክዳን መቀየር እየከበደ ሲሄድ ቆርቆሮን የመረጠው ያው የክረምት ሒሳብ ነው። ብሩስ ያየውን ቆዳ በበርኖስ፣ ገሳውን በላስቲክ የተካ ሕዝብ ጣሪያውንም ለዝናቡ ብሎ ለውጧል።

ማስረጃው እያለቀ ያለው ግን በዚሁ ለውጥ ምክንያት ነው፤ ሆኖም አሁንም ሊሰበሰብ ይችላል። እንጅባራ ላይ አሁን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪዎቹም ክረምቱን ቤታቸው ይገባሉ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ስንት መቅመቆ ይገባል፣ ሥሩ እርጥብ ነው ደረቅ፣ ከመነጠሩ በፊት ነው በኋላ? ግብጦው በወንዙ ስንት ሌሊት ያድራል፣ ምሬቱ መውጣቱስ በምን ይለያል? የስፌቱ ኮከብ በስንት ቁጥር ይጀመራል? እነዚህን የሚመልሱ አሮጊቶች ዛሬ አሉ። የግድግዳውም ነገር አለ። ምርጊትና ልቅለቃ በየዓመቱ የሚታደሰው አሮጌው ሳይፋቅ ስለሆነ፣ የአንድ አሮጌ ጎጆ ግድግዳ በቢላዋ ቢቆረጥ የቅቡ ድርብ አንዱ ካንዱ በላይ ተነባብሮ ይታያል፤ አመድ የበዛበት፣ ቀይ አፈር የገባበት፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት ዓመት ሁሉ በተራው አለ። ለብሎኬት ቤት ቦታ ሲባል አንድ ጎጆ በፈረሰ ቁጥር ከምድጃው ጀርባ ካለው ግድግዳ የመዳፍ ስፋት ያህል ቆርጦ፣ የሠሩትን ሴቶች ስምና ቀበሌውን ጽፎ ማስቀመጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው።